«ገና መሆኑን ያውቃሉን?»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የልደት በዓል ሲቃረብ በመካከላችን የማይቀር አንድ ክርክር አለ። በሌላው ዓለም የገናን ዜማ በጃዝም በሮክም ይጫወቱታል። በኅዳር 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ የነበረው ዱክ ኤሊንግተን እንኳ የቻይኮቭስኪን የገና ሙዚቃ በጃዝ ስልት አቅርቦ ነበር። ይህን የመሰለውን መስማት ይገባናል ወይስ አይገባንም?

አባቶቻችን ለዚህ መልስ አላጡም። በቤተ መቅደስ የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይዜማል፤ በሌላ አይተካም። በሜዳ ደግሞ እረኞች ሩሯን እየለጉ የገናን ዘፈን ይዘፍናሉ፤ በዚህ የነቀፋቸው የለም። ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። ስለዚህ ከስልቱ ይልቅ ፍሬውን እንመርምር።

በ1977 ዓ.ም. በድርቅና በጦርነት የበረታው ረሀብ ወገኖቻችንን ሲፈጅ፣ የኮረም ረሀብተኞች ሥዕል በጥቅምት ወር በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ይህን የተመለከተው የሮክ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ አንድ የገና ዘፈን ደረሰ። ኅዳር 16 ቀን ብዙ ዘፋኞች ለንደን ላይ ተሰብስበው ድምፃቸውን ቀዱ። ርእሱም «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የሚል ነው። በዚያ ዓመት የፈረንጆች ገና ዘፈኑ በእንግሊዝ አገር አንደኛ ሆነ፤ ገቢውም ለረሀቡ እርዳታ ዋለ።

ጥያቄው ኢትዮጵያዊን ቅር ቢያሰኝ አይደንቅም። ኮረምም ላሊበላም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ነበሩ። በላሊበላ ቤተ ማርያም በልደት ቀን ካህናቱ ከፊሉ ከላይ በዐለቱ ጫፍ፣ ከፊሉ ከታች በግቢው ቆመው «ቤዛ ኵሉ»ን ያሸበሽባሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ገናን ያውቃል ወይ ተብሎ አይጠየቅም።

ይሁን እንጂ በቅር መሰኘት ብቻ አንለፈው። ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 እንደ ጻፈው የመላእክቱ ዝማሬ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው የእግዚአብሔርን ክብር፣ ሁለተኛው የሰውን ሰላም ይናገራል። እነዚያ ዘፋኞች የመጀመሪያውን እንደ እኛ አላወቁት ይሆናል፤ ሁለተኛውን ግን በእህልና በመድኃኒት ዘመሩት። እኛ የመጀመሪያውን ሌሊቱን ሙሉ ቆመን እናዜማለን። ሁለተኛውንስ?

በደብረ ሲና የሚያልፈው መንገድ ወደ ሰሜን ወደ ደሴና ወደ ኮረም ይወስዳል፤ ወደ ደቡብ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን ይገባል። በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ከቤታቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ከአንድ በላይ ገና አሳልፈዋል። ለንደን ከኮረም እጅግ ሩቅ ነው፤ እኛ ግን ከእነዚህ ወገኖቻችን ሩቅ አይደለንም። እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ዞሯል፦ ጠግበን የምናድረው እኛ ገና መሆኑን እናውቃለንን?

የደብረ ሲና ቆሎ በመንገደኛው ሁሉ የታወቀ ነው። ዘንድሮ መዝሙር ለማጥናት ስንሰበሰብ እያንዳንዳችን አንዳንድ ጣሳ ቆሎ ወይም ዋጋውን ይዘን እንምጣ፤ ከበዓሉ በፊትም ላጡት እናድርስ። ያን ጊዜ ዝማሬያችን ሙሉ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።