ላለማየት መምረጥ

ከዓመታት በፊት ናይሮቢ ከሚገኝ አንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ስልክ ተደውሎልኝ ለአስተርጓሚነት ተጠርቼ ነበር። የተሳፈረችበት ማታቱ ተገልብጦ የተጎዳች የአገሬ ልጅ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እርሷም ሆነች ባለቤቷ ከአማርኛ በስተቀር ሌላ ቋንቋ አይሰሙም። ሐኪሙ ሆዷን በአልትራሳውንድ አይቶ ደም ሳይፈስስ እንደማይቀር ጠርጥሯል፤ ከየት እንደሚፈስ ለማወቅ ግን ሲቲ ስካን መነሣት እንዳለባት ነገረኝና ለጽንሱም ጥቂት ጨረር እንደሚደርሰው እንዳስረዳለት ጠየቀኝ። እኔም ፊቴን ወደ ባልየው መልሼ አስረዳሁ። «ጥቂት» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ቀረች፤ «ጨረር» የምትለዋ ግን ደረሰች። ባልየው በሁለት እጁ ራሱን ይዞ «ልጄን በጨረር አታስነኩብኝ!» አለ። ሐኪሙ ወጣት ነበርና አመነታ። አለቃውን ሊጠይቅ ወጣ፤ አለቃውም በበኩሉ ሌላ አለቃ መጠየቅ አስፈለገው። አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ አለፈ።

በዚያ ሰዓት ሁሉ ሴቲቱ ነቅታ ነበር። እኛ ሦስት ወንዶች በአልጋዋ ግራና ቀኝ ቆመን፣ በላይዋ ላይ በሁለት ቋንቋ ስንነጋገር፣ ዓይኗን ከአንዳችን ወደ ሌላችን ታመላልስ ነበር። በመጨረሻ እጅጌዬን ያዘችና «ወንድሜ፣ ምንድን ነው የምትባባሉት? ለእኔም ንገረኝ እንጂ» አለችኝ።

ይህች ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ስታስጨንቀኝ ኖራለች። በእኛ አካባቢ ነገሩ የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ በአፍሪካ ከ100,000 ሰዎች 26.6 ያህሉ በየዓመቱ በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ ገልጾ ነበር፤ ይህም ከዓለም ክፍላት ሁሉ የከፋው ነው። በማታቱ፣ በቦዳ ቦዳና በባጃጅ ከሚጓዙት መካከል ነፍሰ ጡሮች አሉ። እንግዲህ ከእነርሱ አንዷ ተጎድታ ስትመጣ፣ ሕይወቷን ሊያድን የሚችለው ምስል ለጽንሷ ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ሲፈራ፣ ትክክለኛው ነገር ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ወዲያው ሚዛን እንስላለን፤ በአንደኛው ወጭት እናት፣ በሌላው ልጅ። ሚዛኑን ከሳልን በኋላ ደግሞ ለአቅመ ቢሱ፣ ለማይናገረው እናደላለን፤ ይህም ከደግነት የሚመነጭ ነው። ሆኖም የሰውነት አሠራር ይህን ሥዕል አያውቀውም። በእርግዝና ወራት የእናት ደም ከወትሮው መጠን በ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። በዚህም ምክንያት ብዙ ደም ፈስሷት እንኳ የልብ ምቷና የደም ግፊቷ ለጊዜው ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። ሰውነቷ ደም ማጣቱን ሲያውቅ ለልብና ለአንጎል ይሳሳና ወደ ማሕፀን የሚወስዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል። ስለዚህ እናቲቱ ገና «ደኅና ነኝ» ስትል ልጁ አስቀድሞ ታፍኖ ይሆናል። ቃላችን ራሱ ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። ነፍሰ ጡር የምንለው ነፍስን የተሸከመች ማለታችን ነው፤ ተሸካሚዋ ስትወድቅ ሸክሙ አየር ላይ ተንሳፎ አይቀርም። የድንገተኛ ሕክምና መምህራንም ለጽንሱ ከሁሉ የሚበልጠው ሕክምና የእናቲቱ ሕክምና ነው ብለው ያስተምራሉ።

ቢሆንም የባልየውን ፍርሃት ድንቁርና ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ቪልሄልም ራንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 የሚስቱን እጅ አጥንት ከነቀለበቷ በምስል ካሳየ በኋላ፣ ዓለም በዚህ ጨረር ተደንቆ ለአሥርተ ዓመታት ያለ ልክ ተጠቅሞበታል። በአውሮፓ የእርጉዝ ሴቶችን ዳሌ ስፋት በራጅ መለካት የተለመደ ሥራ ሆኖ ነበር። እንግሊዛዊቷ ሐኪም አሊስ ስቱዋርት እናቶችን እየጠየቀች መረጃ ሰብስባ፣ በማሕፀን ሳሉ ራጅ የደረሳቸው ልጆች በካንሰር የመያዛቸው ዕድል ከፍ እንደሚል እ.ኤ.አ. በ1956 ማሳተም ስትጀምር ብዙ ባልደረቦቿ ሊሰሟት አልፈለጉም። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪም ከባድ ትምህርት ተገኝቷል፤ ቦምቡ ሲፈነዳ ከ8 እስከ 15 ሳምንት ጽንስ ከነበሩት መካከል ከፍተኛ ጨረር የደረሳቸው የአእምሮ ዕድገት ጉዳት ታይቶባቸዋል። ስለዚህ ፍርሃቱ ታሪክ አለው። ፍርሃቱ የጎደለው መጠን ነው።

መጠኑም ይህን ይመስላል። የጽንስ አካል መበላሸት የሚያሰጋው ከ100 ሚሊግሬይ ገደማ ጀምሮ ነው፤ ከ50 በታች ግን እንዲህ ያለ ጉዳት አልታየም። ለራስ፣ ለአንገት ወይም ለደረት የሚደረግ ምርመራ ለጽንሱ የሚያደርሰው ጨረር እጅግ አነስተኛ ነው። ከሁሉ የሚከብደው የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን ነው፤ እርሱም በአብዛኛው 25 ሚሊግሬይ አካባቢ ያደርሳል። ይህ ማለት ግን ምንም አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ሪቻርድ ዶልና ሪቻርድ ዌክፎርድ እ.ኤ.አ. በ1997 ካቀረቡት ስሌት ብንነሣ፣ እንዲህ ያለ መጠን ከደረሳቸው 1,000 ሕፃናት መካከል ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ተጨማሪ ሕፃናት በልጅነታቸው ካንሰር ሊያገኛቸው ይችላል። በአንድ ወገን ይህ አለ፤ በሌላው ወገን አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ከማይታወቅ ቦታ የሚፈስ ደም አለ።

«በአልትራሳውንድ ብቻ ለምን አይታይም?» የሚል ይኖራል። ይታያል፤ መጀመሪያ የሚነሣውም እርሱ ነው። የጽንሱን የልብ ምት ያሳያል፣ በሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ደም ያመለክታል። ይሁን እንጂ የትኛው አካል እንደተቀደደ ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ የእንግዴ ልጅ ከማሕፀን ግድግዳ መላቀቁንም ደጋግሞ ይስተዋል። ኤም.አር.አይ. ጨረር የለውም፤ ሆኖም ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ደሟ ለሚፈስ ሴት አይሆንም። ለጥንቃቄ ተብሎ በሆድ ላይ የሚደረገው የእርሳስ ልብስ እንኳ፣ የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ መደበኛ አሠራር እንዲቀር መክሯል፤ ለጽንሱ የሚሰጠው ጥቅም ከቁጥር የሚገባ ስላልሆነና አንዳንዴም ምስሉን ስለሚያበላሽ ነው። ያ ከባድ ልብስ ለረጅም ዘመን ከጽንሱ ይልቅ የእኛን ኅሊና ሲሸፍን ኖሯል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሞራሉ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመስለኛል የሚጀምረው። ሰው በሠራው ጥፋት ከሚጸጸተው ያህል ባልሠራው አይጸጸትም። ሐኪሙ ምስሉን አዝዞ ልጁ ከዓመታት በኋላ ቢታመም ትእዛዙ ላይ ስሙ አለ። ምስሉን ሳያዝዝ እናትና ልጅ ቢሞቱ ግን «አደጋው ገደላቸው» ይባላል፤ የማንም ስም የለበትም። እጅን ንጹሕ አድርጎ ለማቆየት ሲባል የሌላው ሰው ደም ሲፈስ ማየት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጥንቃቄ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። ላለማየት የመረጠ ሰው አንድ ነገር አድርጓል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት አባቶቻችን ቅጠሉ እስኪመረጥ ቤቱ ይንደድ አላሉም።

ነገሩን ግን ከልኩ ማሳለፍ አልሻም። ወገቧን ስላመማት ብቻ የመጣችን ነፍሰ ጡር ያለ በቂ ምክንያት ለጨረር የሚዳርግ ሐኪም ከአሊስ ስቱዋርት የተማረው ነገር የለም። መደረግና አለመደረግ እኩል ናቸው አላልኩም፤ በከባድ ጉዳት ጊዜ አለመደረግ ነጻ ቦታ አይደለም ነው ያልኩት።

ፍርሃት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያጠፋ አንድ አሳዛኝ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቤል አደጋ ሲደርስ ወደ ግሪክ አገር የነፈሰው ጨረር በጽንስ ላይ ጉዳት ከሚያደርሰው መጠን እጅግ ያነሰ ነበር። ሆኖም ወሬው፣ ጋዜጣውና ያልተረጋገጠው የሐኪሞች ምክር ተደማምረው፣ በማግሥቱ ዓመት የታተመ አንድ ጥናት እንደገመተው፣ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ ከነበሩት ሴቶች 23 በመቶ ያህሉ ጽንሳቸውን እንዲያስወርዱ አደረጉ። የተፈለጉ፣ ስም የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሰነድ ከ100 ሚሊግሬይ በታች የሆነ መጠን ጽንስን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ በግልጽ አስፍሯል። ራጅ ተነሥታለችና ጽንሱ ይውረድ የሚል ምክር ግን ዛሬም ከመንደር አልጠፋም።

ታዲያ ወሳኙ ማን ነው? ባል ይጨነቃል፤ ጭንቀቱም ይገባዋል። ሐኪም ያውቃል። ነገር ግን የሚፈስሰው ደም የእርሷ ነው፤ ልጁንም የተሸከመችው እርሷ ናት። ራሷን የሳተች እንደሆነ ሐኪሙ ፊርማ ፍለጋ ኮሪደር ለኮሪደር ሊንከራተት አይገባውም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በ43ኛው አንቀጽ ማንም ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዳይነፈግ ደንግጓል። የነቃች እንደሆነ ግን ሊነገራት የሚገባው እውነቱ በሙሉ ነው፤ «ምንም የለውም» የሚለው ማባበያም፣ «ጨረር» የሚለው ባዶ ማስፈራሪያም አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ከሺህ መሆኑን መስማት የማትችል ሴት አላውቅም። ችግሩ የምትሰማበት ቋንቋ የያዘው ሰው ፊቱን ወዴት አዙሮ እንደሚቆም ነው፤ እኔ ወዴት ዞሬ እንደቆምኩ ተናግሬአለሁ።

እጅጌዬን ስትይዘኝ ነገርኳት። በዚህ ጊዜ «ጥቂት» የምትለዋን ቃል አልዘነጋኋትም። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለችኝ። ሐኪሙን ጠይቄ ደቂቃዎች ብቻ መሆኑን ነገርኳት። «ታዲያ እስካሁን ምን ስትሠሩ ነበር?» አለች።

ምስሉ ጣፊያዋ መቀደዱን አሳየ። ወዲያው ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ እርሷ ተረፈች፤ ልጁ ግን አልተረፈም። ያ አንድ ሰዓት ባይባክን ኖሮ ይተርፍ እንደሆነ ሐኪሞችን ጠይቄ ነበር፤ እርግጡን ሊነግረኝ የቻለ የለም። ባልየውን አልፎ አልፎ አገኘዋለሁ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ጨረር ይሆን እንዴ?» ይለኛል። አይደለም እለዋለሁ። ስለ ሰዓቱ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አንሥቼበት አላውቅም።