ኩሽ፦ ብዙ ወራሾች ያሉት ስም

የኩሽ ስም መጀመሪያ በጽሑፍ የታየው በግብፆች ዘንድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት (ዓ.ዓ.) በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በቀዳማዊ ሰኑስረት ዘመን፣ ከአስዋን ወደ ደቡብ የዘመተው ጦር ድል አደረግኋቸው ካላቸው አገሮች መካከል ኩሽ ተመዝግቦ ይገኛል። ማዕከሉ ዛሬ ፍርስራሿ በሰሜን ሱዳን የሚታየው ከርማ ነበረች። የግብፅ ጸሐፊዎች ስሙን ለብቻው መጻፍ ብዙም አይወዱም፤ «ወራዳው ኩሽ» እያሉ ቅጽል ያክሉበታል። እንዲህ ያለ ስድብ የሚሰነዘረው ደግሞ በሚፈራ ጎረቤት ላይ ነው። ከ1500 ዓ.ዓ. ገደማ ጀምሮ ፈርዖኖች አገሩን ጠቅልለው ሲገዙ እዚያ የሚሾሙትን እንደራሴ «የኩሽ የንጉሥ ልጅ» አሉት። በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ዓ. የኩሽ ነገሥታት ከመዲናቸው ከናፓታ ወደ ሰሜን ወርደው ግብፅን ያዙ፤ በግብፅ ታሪክ 25ኛው ሥርወ መንግሥት የሚባሉት ፒያ፣ ሻባካ፣ ጣሃርቃና ሌሎችም እነሱ ናቸው። በ671 ዓ.ዓ. ሜምፎስን የወሰደባቸው የአሦር ንጉሥ አስራዶን ስማቸውን በራሱ ጽሑፍ አስገባ፤ የፋርሱ ዳርዮስም በመቃብሩ ላይ ካስቀረጻቸው ተገዢ አገሮች መካከል ኩሽን ቆጠረ።

እስከዚህ ድረስ ስሙ የተዛመተው የማንኛውም ኃያል መንግሥት ስም በሚዛመትበት መንገድ ነው፦ በጦርነትና በግብር። መንግሥቱ መዲናውን ወደ መርዌ አዛውሮ እስከ 4ኛው ክፍለ ዘመን ከዘለቀ በኋላ ሲጠፋ ስሙም አብሮት ሊቀበር ይችል ነበር። ያተረፈው የዕብራውያን መጽሐፍ ነው።

ብሉይ ኪዳን ኩሽን በሁለት መልክ ያቀርበዋል። በአንድ በኩል ከግብፅ በስተደቡብ ያለ አገር ነው፤ በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ከአሦር ጋር ሊዋጋ የወጣው ቲርሃቅ ያው ጣሃርቃ ነው። በሌላ በኩል፣ በዘፍጥረት ምዕራፍ 10፣ ኩሽ ሰው ነው፤ የኖኅ የልጅ ልጅ፣ የካም ልጅ። ይህ ሁለተኛው መልክ ለስሙ ጉዞ ወሳኝ ሆነ። አገር ካለበት አይነቃነቅም፤ የአባት ስም ግን ልጆች በደረሱበት ሁሉ ይደርሳል። በዚያው ምዕራፍ የኩሽ ልጆችና የልጅ ልጆች ተብለው ከተጠሩት ውስጥ ሳባና ድዳን የዐረብ ምድር ስሞች ናቸው፤ ናምሩድም መንግሥቱን በባቢሎን የመሠረተ ነው። ስለዚህ ኩሽ ገና ከጽሑፉ ዘመን ጀምሮ አፍሪካን፣ ዐረቢያንና መስጴጦምያን የሚያገናኝ የዘር ሐረግ ሆነ። በኋላ ዘመን ሰዎች የሚነሡለት የሃይማኖት ጥያቄም ከዚህ ይመነጫል፦ በመጽሐፍ ለአንድ ስም የተነገረ ተስፋ ስሙን ለተሸከመ ሁሉ ይተላለፋልን?

ጥያቄውን ያወሳሰበው ትርጉም ነው። ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ዓ. ጀምሮ በእስክንድርያ ኦሪትንና ነቢያትን ወደ ግሪክ የመለሱት ሰዎች፣ በኢትዮጵያ ሰብዓ ሊቃናት የሚባሉት፣ ኩሽን በዘር ሐረጉ ውስጥ ባለበት ትተው በሌላው ቦታ «ኢትዮጵያ» አሉት። ቃሉ ለግሪኮች ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ሰዎችን የሚያመለክት ነበር፤ ወሰንም አልነበረው። ሆሜር ኢትዮጵያውያንን በዓለም ዳርቻ፣ ከፊሎቹን በፀሐይ መውጫ፣ ከፊሎቹን በፀሐይ መግቢያ ያኖራቸዋል። ሄሮዶቱስ መርዌን የኢትዮጵያውያን መዲና ካለ በኋላ በፋርስ ጦር ውስጥ የተሰለፉ የምሥራቅ ኢትዮጵያውያንን ደግሞ ይጠቅሳል። በትርጉሙ ሳቢያ የታወቀ ድንበርና ነገሥታት የነበሩት የአንድ ሕዝብ ስም በቆዳ ቀለም በሚመዘን ሰፊ ስያሜ ተተካ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠመቀው ጃንደረባ የሕንደኬ ሹም ነው፤ ሕንደኬ የመርዌ ንግሥቶች የማዕረግ ስም ስለሆነ ባለሥልጣኑ የኩሽ ሰው እንደነበር ግልጽ ነው። በግሪኩ ጽሑፍ ግን «ኢትዮጵያዊ» ተባለ፤ ዓለም የሚያስታውሰውም በዚሁ ስም ነው።

አክሱም በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አላት። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ሥራውን በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ ፊደል አስቀርጿል። በማዕረጎቹ ዝርዝር ውስጥ ግዕዙ «ሐበሠት» የሚለውን ግሪኩ «ኢትዮጵያውያን» ብሎ ይመልሰዋል። በዚያው ዝርዝር «ካሱ» ለብቻው ተጠቅሷል፤ ካሱ ደግሞ ኩሽ ነው። በሌላው ጽሑፉም ኢዛና በኖባና በካሱ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ይተርካል። እንግዲህ የአክሱም ንጉሥ በግሪክኛ ኢትዮጵያዊ ሲባል፣ ኩሽ የሚባለው ሕዝብ የወጋው ባላንጣው ነበር። ስሙ ከመርዌ ወደ አክሱም የተሻገረው በግሪክ ጸሐፊ ብዕር እንጂ በደም ዝምድና አይደለም። የቀድሞው ባለቤት አገር ከብዙ ዘመን በኋላ በዐረብኛ «የጥቁሮች አገር» ተብሎ ሱዳን ተባለ፤ ስሙን ካጣ በኋላ እንደገና በቀለሙ ተጠራ።

መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከግሪኩ ነውና «ኢትዮጵያ» በዚያው ገባች። ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር በሃይማኖት ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነው፤ አንድ ሕዝብ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ስሙን አገኘ፣ መጽሐፉንም እንደ ራሱ ደብዳቤ አነበበ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በግዕዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥት የጽዮንን ታቦትና የዳዊትን ዘር ወደ ኢትዮጵያ ያመጣል፤ ክርክሩም ቃል ኪዳን በእምነት የሚጸና ነው የሚል ነው። ሌላው የአገሪቱ ትውፊት የኩሽን ልጅ «ኢትዮጲስ» ብሎ ከአክሱም ጋር ያያይዘዋል። የግሪኩ የቀለም ቃል እንደገና ሰው፣ እንደገና አባት ሆነ ማለት ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 የኩሽን ምድር ይከባል የተባለው ግዮንም ዐባይ ተባለ። የአገሩ ውሃ ለዚህ ንባብ ሳያግዝ አልቀረም፤ በምሥራቅ ወለጋ በአንገር ጉቲን ቆላ የሚያልፈው የአንገር ወንዝ ወደ ደዴሳ፣ ደዴሳም ወደ ዐባይ ይገባል፤ ዐባይም ካርቱም ላይ ከነጭ ዐባይ ጋር ተቀላቅሎ በመርዌ ፍርስራሽ አጠገብ ይፈሳል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢው ያንኑ የዕብራይስጥ ስም በዘር ሐረጉ ውስጥ «ኩሽ»፣ በነቢያትና በመዝሙር ውስጥ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ያገኘዋል፤ አንድ ስም መሆኑን ግን ላያውቅ ይችላል።

ከአገር ውጭ ስሙን ያሰራጨው በመዝሙር 67 (በዕብራይስጡ ቁጥር 68) ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ አምላክ እንደምትዘረጋ የሚናገረው ቃል ነው። በአሜሪካ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ያ ቃል ለእነርሱ የተነገረ እንደሆነ አመኑ። በ1808 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የተመሠረተው የጥቁሮች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን «አቢሲኒያን» ተባለ። በደቡብ አፍሪካ ማንጌና ሞኮኔ በ1892 እ.ኤ.አ. በፕሪቶሪያ ከነጮች አስተዳደር የተላቀቀ ቤተ ክርስቲያን ሲመሠርት «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አለው፤ ስሙን የወሰደው ከመዝሙሩ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው የዐድዋ ድል ለስሙ ሥጋና ደም ሰጠው። የማርከስ ጋርቬይ ንቅናቄ በ1920 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን በራሱ የንቅናቄ መዝሙር አከበረ፤ በ1930 እ.ኤ.አ. ከተፈጸመው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በኋላም በጃማይካ የራስ ተፈሪያን እምነት ተወለደ። ከእነዚህ አብዛኞቹ አባቶቻቸው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የተጋዙ ናቸው፤ ከመርዌም ከአክሱምም ጋር የዘር ሐረግ መቁጠር አይችሉም። ቢሆንም የተሸከሙት ስም ለሰው ክብር ሲያሟግቱበት ኖሯል፤ በዚህ መለኪያ ከብዙ ሥጋዊ ወራሾች ይልቅ ሠርተውበታል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቋንቋ ሊቃውንት ስሙን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ዩኒቨርሲቲ ወሰዱት። ከዚያ በፊት፣ በ1781 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመናዊው ሽሎዘር «ሴማዊ» የሚለውን የቋንቋ ስያሜ ከዘፍጥረት አውጥቶ ነበር። እነ ሌፕሲዩስና ራይኒሽ በዚያው መንገድ ሄደው አገውኛን፣ ቤጃን፣ ኦሮምኛን፣ ሶማልኛን፣ አፋርኛንና ዘመዶቻቸውን «ኩሻዊ» አሏቸው። ስያሜው ለምደባ ይመች ነበር፤ ዛሬ እስከ ታንዛኒያው የኢራቅው ቋንቋ ድረስ ይዘልቃል። ችግሩ የኩሽ መንግሥት ሰዎች ራሳቸው ምን ይናገሩ ነበር የሚለው ነው። የመርዌን ፊደል ድምፅ እንግሊዛዊው ግሪፊት በ1911 እ.ኤ.አ. ገደማ ለይቶታል፤ ቋንቋው ግን እስከ ዛሬ በከፊል ብቻ ነው የሚታወቀው። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚያስጠጉት ወደ ኑቢያ ቋንቋዎችና በኤርትራ ወደሚነገረው ናራ ነው፤ ከኦሮምኛ ወይም ከሶማልኛ ቤተሰብ ውጭ ማለት ነው። የናራን ሕዝብ ኩሽ ብሎ የሚጠራ የለም፤ በጥንታዊው ኩሽ የቋንቋ ቤት ሳይገቡ ስሙን የያዙ ግን በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ሳይንሱ ለምደባው ሐቀኛ ነው፤ የመደባቸው ቋንቋዎች በእርግጥ ይዛመዳሉ። ያበደረው ስም ግን ከመጽሐፍ የተወሰደ መለያ እንጂ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም።

ወለጋ ሁለቱን ውርሶች፣ የመዝሙሩንም የሊቃውንቱንም፣ በአንድ ላይ ተቀብላለች። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐመው ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልዶ ሂካ ይባል ነበር፤ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ በ1872 እ.ኤ.አ. ሲጠመቅ ጳውሎስ ለፊልሞና ከጻፈለት ባሪያ ስሙን ወሰደ። ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ጋር የደከመበት ሙሉ መጽሐፍ በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ ፊደሉ ግዕዝ ነው፣ አምላክም በኦሮሞው ስሙ ዋቃ ተባለ። ዋቃ በሶማሌ ጥንታዊ አነጋገርና በኬንያ በሬንዲሌዎች ዘንድም የፈጣሪ ስም ነው፤ ይህ ዓይነቱ ዝምድና በምሁር ስያሜ ከተፈጠረው ይልቅ ጠንካራ ነው። ኦነሲሞስ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ገብቶ በነቀምቴው ገዥ በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) ተቀባይነት አገኘ፤ ከካህናቱ ተቃውሞ ቢገጥመውም እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ድረስ አስተማረ፤ ያረፈውም በነቀምቴ ነው። በእርሱ በኩል የኖኅ ልጆች ሐረግ በኦሮምኛ ተነበበ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ «ኩሽ» የሚለው ስም በትምህርት ቤትና በፖለቲካ ንግግር የኦሮሞ ማንነት ምልክት ሆኖ ተመለሰ። አንገር ጉቲን ላይ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ አንደኛው «ኩሻዊ»፣ ሌላው «ሴማዊ» ተብሎ ይመደባል። ይህ ምደባ በሰዎች መካከል የደም አጥር እንዲሆን ሲፈለግ ምንጩ የሆነው ምዕራፍ ራሱ ይቃወማል፤ በዘፍጥረት 10 ሳባ በቁጥር 7 የኩሽ የልጅ ልጅ፣ በቁጥር 28 የሴም ዘር ሆኖ ተጽፏል። የጥንቱ ጸሐፊ ሁለቱን ለማስታረቅ አልተጨነቀም።

ወደ ተስፋው ጥያቄ ስንመለስ፣ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ያነበቡበት መንገድ አንድ አይደለም። አርጌንስ ሙሴ ያገባትን ኩሻዊት ከአሕዛብ የመጣችው ቤተ ክርስቲያን ምሳሌ አደረጋት። አውግስጢኖስም በመዝሙር የተጠቀሱት ኢትዮጵያውያን ክፍሉ ሙሉውን እንደሚወክል ሕዝብን ሁሉ ያመለክታሉ አለ። ይህ ንባብ ሰፊ ነው፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ኢትዮጵያ ሁሉንም ከሆነች እውነተኛው ጥቁር ሕዝብ ከገጹ ይጠፋል። ሞኮኔም ሆነ የአክሱም ካህናት ያን አይቀበሉም ነበር፤ የፈለጉት በስማቸው መጠራትን ነውና። ሌላው ጫፍ ስሙን ርስት የሚያደርገው ነው፤ ተስፋው የእኛ ብቻ ነው የሚለው። ከነቢያት በዚህ ላይ ቀጥታ የሚናገረው አሞጽ ነው። በምዕራፍ 9 እግዚአብሔር እስራኤልን በእርሱ ፊት ከኩሽ ልጆች ምን ይለያችኋል ብሎ ይጠይቃል፤ ፍልስጥኤማውያንንም ከከፍቶር፣ ሶርያውያንንም ከቂር ያወጣው እርሱ እንደሆነ ያክላል። ኩሽ እዚህ የተጠራው አንድ ሕዝብ በመመረጡ እንዳይኮራ ማፍረሻ ሆኖ ነው። ስሙን ይዞ ብቸኛ ባለመብትነትን የሚጠይቅ ንባብ፣ በግዕዝም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይቅረብ፣ ከዚህ ቁጥር ጋር መሟገት አለበት፤ ሞኮኔ ከነጮች ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ የጠየቀው እኩል መቆጠርን ስለሆነ ከዚህ ሙግት ነፃ ነው።