ድልና የድል ምስክር

ሰው መልካም ሥራ ሠርቶ ሲፈጽም ክብሩ የሚገኘው ከሥራው ከራሱ ነው ወይስ አይቶ ከሚመሰክርለት ሰው? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን መዝገብ የሚጽፍ፣ የተማሪ ውጤት የሚሞላ፣ በባለጉዳይ ወረቀት ላይ ማኅተም የሚያሳርፍ ሁሉ ሳይታወቀው በየቀኑ መልስ ይሰጥበታል። እኛም ነገሩን በባዶ ሐሳብ ከምናወጣውና ከምናወርደው በአንድ ሰው ታሪክ ብንመረምረው ይሻላል ብለን አሜሪካዊውን የመኪና እሽቅድምድም ነጂ ዌንዴል ስኮትን መረጥን። ስለ እርሱ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመርጡለ ማርያምም ሆነ በሌላው የጎጃም ደጋ ፈረሰኞች ጉግስ ሲገጥሙ ጸሐፊ አያስፈልግም። ማን እንደ መታ፣ ማን በጋሻው እንደ መከተ ሜዳውን የከበበው ሕዝብ በዓይኑ ያያል፤ እልልታውም ወዲያው ይከተላል። ድሉና የድሉ ምስክር በአንድ ቅጽበት ይወለዳሉ ማለት ነው። ስቶክ ካር በሚባለው እሽቅድምድም ግን ነገሩ ሌላ ነው። መልካቸው በገበያ የሚሸጠውን መኪና የሚመስሉ ብዙ መኪናዎች ክብ መንገድ መቶና ሁለት መቶ ጊዜ ይዞራሉ፤ አንዱ ሌላውን ደጋግሞ ስለሚያልፍ ከፊት የሚታየው ሁሉ ቀዳሚ አይደለም። በዚያ ዘመን ዙሩን የሚቈጥሩት በወረቀት ላይ ምልክት የሚያደርጉ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ነጂው መኪናውን ይነዳል እንጂ ድሉ ያለው በጸሐፊው እጅ ነው።

ስኮት በ1921 በቨርጂኒያ ግዛት በዳንቪል ከተማ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ በመካኒክነት አገለገለ፤ ከዚያም ታክሲ ነዳ፣ መኪና ጠገነ። በድብቅ የተጠመቀ አረቄ ከፖሊስ እያመለጠ ያመላልስ እንደ ነበረም የታወቀ ነው፤ ይህን የምንሸሽግበት ምክንያት የለም፤ የእሽቅድምድሙ ጥበብ ራሱ በከፊል ከዚሁ ሥራ የወጣ ነውና። በ1952 መወዳደር ሲጀምር ጥቁር በመሆኑ ከአንዳንድ ሜዳ ተመልሷል። በ1961 ናስካር በሚባለው ማኅበር ወደሚመራው ታላቅ ውድድር ገባ። ሌሎቹ የፋብሪካ ድጋፍ ሲኖራቸው እርሱ በአሮጌ መኪናና በተለቀመ ዕቃ ይወዳደር ነበር፤ መካኒኩም ነጂውም ራሱ ሲሆን ረዳቶቹ ወንዶች ልጆቹ ነበሩ።

ዲሴምበር 1 ቀን 1963 በፍሎሪዳ በጃክሰንቪል ከተማ በግማሽ ማይል የአፈር ሜዳ ላይ የ200 ዙር ውድድር ተደረገ። ዕለቱ በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 21 ነበረና በየማርያሙ ደብር የጽዮን በዓል ይከበር ነበር። 25 ዙር ያህል ሲቀር ስኮት ስመ ጥሩውን ሪቻርድ ፔቲን አልፎ መሪ ሆነ። 200ውን ዙር ሲጨርስ ግን የፍጻሜው ባንዲራ አልተውለበለበለትም፤ እርሱም ዝም ብሎ መዞሩን ቀጠለ። አሸናፊ ተብሎ የተጠራው ከእርሱ በሁለት ዙር ወደ ኋላ የቀረው ነጩ ባክ ቤከር ሲሆን ዋንጫውም ፎቶግራፉም የእርሱ ሆነ። ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ፣ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ሹማምንቱ የቈጠራ ስሕተት ሆኗል ብለው ድሉን ለስኮት መለሱ። የሽልማቱ ገንዘብ ተከፈለው፤ ዋንጫው ግን ከቤከር ጋር ሄዷል። የስኮት ቤተሰብና ሌሎች ብዙ ሰዎች የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ በዚያ የዘር መለያየት ዘመን አንድ ጥቁር ሰው በነጭ ሕዝብ ፊት ከነጭ የዋንጫ ሰጪ ቈንጆ አጠገብ እንዲቆም አልተፈለገም ይላሉ።

እንግዲህ ምን ጐደለበት? ገንዘቡ ተከፍሏል፤ መዝገቡም ታርሟል። የጥንቶቹ ስቶይኮች ቢጠየቁ ምንም አልጐደለበትም ባሉ ነበር፤ በእነርሱ ትምህርት በጎ ሥራ ዋጋው ራሱ ነውና። መልሱ የከበረ ነው፤ ነገር ግን ለተበደለው ሰው ይህን ቃል የሚያቀርብለት ብዙ ጊዜ ከበዳዩ ወገን የቆመ ሰው ስለሚሆን እንጠረጥረዋለን። ሰው ራሱን ሲያጽናና ያማረው ቃል ባለሥልጣን ሲናገረው ማምለጫ ይሆናል። አሪስጣጣሊስ ደግሞ ክብር ከተቀባዩ ይልቅ በሰጪው ላይ የቆመ ነገር ነው ብሎ ስለ ተመለከተ የመጨረሻው በጎ ነገር ሊሆን አይችልም አለ። እኛ ግን ከዚሁ አነጋገር ሌላ ነገር እናገኛለን፤ ክብር በሰጪው እጅ ከሆነ ያልሰጠው ሰው ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም ተበዳሪው ትሑትና ታጋሽ በመሆኑ አይሰረዝም።

የአገራችን ሰው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል። የጃክሰንቪሉ ዋንጫ በገንዘብ ቢገመት ጭብጦ ነው። ነገር ግን በአደባባይ የተነጠቀ ነገር በጓዳ ሲመለስ የሚመለሰው ዕቃው ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ያላየውን ድል ይዞ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ በማግስቱ ጠርቶ እንደገና እልል ማሰኘት አይቻልም። በመዝገብ ቤትም ይኸው ይደርሳል፤ የሠራተኛ ስም በስብሰባ ፊት በጥፋት ተጠርቶ ንጽሕናው በታጠፈ ደብዳቤ ሲነገረው ጸሐፊው ጉዳዩን «ተፈጽሟል» ብሎ ይዘጋዋል። በእኛ አስተያየት ግን እርማት በስሕተቱ ልክ መሰማት አለበት። ያ ካልሆነ ስሕተቱ ሁለት ጊዜ ተፈጽሟል፤ ሁለተኛውም ሳይታወቅ የተደረገ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ስኮት ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ነዳ። በ495 ታላላቅ ውድድሮች ተሰልፎ 147 ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገብቷል፤ ያሸነፈው ግን ያን አንድ ቀን ብቻ ነው። በ1973 በታላዴጋ ሜዳ በደረሰ ግጭት ክፉኛ ቈስሎ የነጂነት ኑሮው በዚሁ አበቃ፤ በ1990ም ሞተ። ማኅበሩ በ2015 ስሙን በዝነኞቹ መዝገብ አስገባ፤ በኦገስት ወር 2021 በዴይቶና ሜዳ፣ በሕዝብ ፊት፣ የጃክሰንቪሉን ድል ዋንጫ ለቤተሰቡ ሰጠ። ከውድድሩ ቀን ጀምሮ 58 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በኦክቶበር ባባ ዋላስ የተባለ ነጂ ከስኮት ቀጥሎ በዚያ ታላቅ ውድድር ያሸነፈ ሁለተኛው ጥቁር ሰው ሆነ፤ ያሸነፈውም በታላዴጋ ሲሆን፣ ሕዝቡ ገና ከሜዳው ሳይነሣ ዋንጫውን ተቀበለ።