ስም የርስት ምስክር ይሆናል ወይ?

ከጎንደር ተነስቶ ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን የወረደ ሰው፣ ብርዱን ከኋላው ትቶ ዛሪማ ሲደርስ ጋቢውን ያወልቃል። አዲ አርቃይ ከዚያ ወዲያ ናት። የከተማይቱን ታሪክ ልጽፍ ደብተሬን ይዤ ወርጄ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። «አባቴ፣ ይህን አገር መጀመሪያ ያቀናው ማን ነው?» አልኋቸው። ደብተሬን አዩና «ልጄ፣ ለመጻፍ ነው ለመካሰስ?» ሲሉ መልሰው ጠየቁኝ።

መቼም እንዲህ ያለ ጥያቄ መንገድ ላይ ጥለውት የሚሄዱት አይደለም።

ነገሩ ከስሟ ይጀምራል። «አዲ» በትግርኛ መንደር ማለት ነው፤ «አርቃይ» ደግሞ ቀርቀሃ። በገበያዋ ውስጥ ግን በብዛት የሚሰማው አማርኛ ነው። አንዱ «ባለቤቱ ስም ያወጣው ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ የሚያርሰው ነው» ይላል። ሁለቱም ታሪክን በምስክርነት ይጠራሉ።

ይህ ሙግት ለጎንደር ገበሬ አዲስ አይደለም። ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም በእናቱም ትውልዱን እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ይደርስ ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ያ ቆጠራ ቀረ። ልማዱ ግን አልቀረም፤ ከቤተሰብ ወጥቶ ወደ ክልል ገባ። ስገምት ግን መንገድ ላይ አንድ ነገር ጥሏል። የድሮው ባለርስት ትውልዱን የሚቆጥረው ከዘመዶቹ ጋር ድርሻ ለመካፈል ነበር። ክርክሩ መራራ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ ደም ያቃባል። ያም ሆኖ ተከራካሪው «ዘመድ ነኝ» ይል ነበር እንጂ «ዘመድ አይደለህም» ብሎ አይጀምርም። የዛሬው ቆጠራ የሚጀምረው ከዚህ ከኋለኛው ነው።

ታሪክ ራሱ ለዚህ አይመችም። የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ፣ በኋላ በዐፄ ቴዎድሮስ፣ እስኪሸነፉ ድረስ ስሜንንም ትግራይንም ያስተዳድሩ ነበር። ተከዜ በግዛታቸው መካከል የሚያልፍ ወንዝ ነበር። ይህ ለየትኛው ወገን ይመሰክራል? ለሁለቱም፤ ስለዚህ ለየትኛውም። በ2013 ዓ.ም. ግን ጦርነቱ አዲ አርቃይ ገባ፤ ከማይ ጸምሪ ወደ ሽሬ የሚያሻግረው የተከዜ ድልድይም በዚያው ዓመት ፈረሰ።

ታዲያ አይጻፍ ልበል? እንዲያ ማለት አልቻልኩም። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው የደረሰበት እንዲጻፍለት ይገባዋል፤ ዝምታም ለጉልበተኛ ያደላል። የምፈራው በጽሑፌ ላይ ማን ማኅተም እንደሚመታበት ነው።

ደብተሬን አጥፌ ኪሴ ከተትሁና የዘንድሮው ማሽላ እንዴት እንደ ነበር ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ያን ጊዜ ፈቀቅ አሉና «ና፣ ተቀመጥ» አሉኝ።