መጻፍ ማማረር ነውን?

የሰው ልጅ በደስታውም በመከራውም የሚፈተን ፍጡር ነው። ገና ዓይኑን በወጉ ያልገለጠ ጨቅላ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ፣ ወላጅ ከውጭ ቆሞ ማየቱ ግን ከከባዶቹ ፈተናዎች አንዱ ነው። ሰሞኑን አንድ የደባርቅ ሰው ይህንኑ አጫወተኝ። ያነሳው ጥያቄ ብዙዎቻችንን የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት ለአንባቢያን አቀርበዋለሁ።

ባለቤቱ ቀኗ ሳይደርስ ወለደች። ደባርቅ በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ብርድ ደግሞ ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ቀንደኛ ጠላት ነው። ልጅቷ ወደ ጎንደር ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ስትላክ እናቲቱ ብዙ ደም ፈሷት አልጋ ላይ ቀረች። አባት ብቻውን ዳባትን አልፎ ልጁን ተከትሎ ወረደ።

ጎንደር እንደደረሰ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛ። ክብደቷን፣ በቱቦ የተሰጣትን ወተት፣ ጣቱን የጨበጠችበትን ሰዓት ጻፈ። ዓላማው እናቲቱ ስትድን ያመለጣትን ሊያነብላት ነበር። በአራተኛው ቀን ግን አብረውት የሚያስታምሙ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ አላህ የጻፈው ይበቃል፤ ይህ ማማረር እንዳይሆንብህ» አሉት። ሰውየው ደነገጠ። ለሁለት ቀን ብዕሩን አስቀመጠ።

ለመሆኑ ሽማግሌው ትክክል ነበሩን?

ሥጋታቸው ከባዶ የመነጨ አይደለም። በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ነው፤ በፈጣሪ ውሳኔ ላይ ማጉረምረምም የሙእሚን ጠባይ አይደለም። ይሁን እንጂ ሰብር ማለት ዝም ማለት አይደለም። ነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ ማዘናቸውን፣ ስሞታቸውንም ለአላህ ማቅረባቸውን ሱረቱ ዩሱፍ ይነግረናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕፃን ልጃቸው ኢብራሂም ነፍሱ ስትወጣ አልቅሰዋል። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ተገርመው ሲጠይቋቸው እንባው እዝነት መሆኑን አስረዱ፤ ዓይን ታነባለች፣ ልብም ያዝናል፣ አንደበት ግን ጌታን ከሚያስወድድ በቀር አይናገርም ማለታቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። እንግዲህ የአንደበት ሕግ ለብዕርም ሕግ ነው። ዓይን ማንባቱ ካልተከለከለ እጅ መጻፉ ስለምን ይከለከላል?

«አላህ ጽፎታል» የሚለውም ቢሆን መጻፍን አያስቀርም። በቁርኣን ውስጥ ረዥሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ዕዳችሁን ጻፉ የሚል ትእዛዝ የያዘ ነው። አላህ ማን ለማን ስንት እንዳበደረ ሳያውቅ ቀርቶ ነውን? የሚረሳው ሰው ስለሆነ እንጂ! ለገንዘብ የተፈቀደ ብዕር ለልጅ ሊነፈግ አይገባም።

ሌላም ነገር አለ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በገጠራችን እንዲህ ያለ ሕፃን ለቅሶ ሳይጠራለት ጓሮ ተቀብሮ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በሸሪዓችን ግን ተወልዶ ያለቀሰ ሕፃን ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢኖር ይታጠባል፣ ይሰገድበታል፣ ስም ይወጣለታል። ያን ጊዜ የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ይባል የነበረው ተቋም በኅዳር 1989 ዓ.ም. ዳባት ላይ ልደትንና ሞትን በየቤቱ እየዞሩ መመዝገብ የጀመረበት ሥራ ትልቅ ነው፤ ያልተቆጠረ ሞት መፍትሔ አይፈለግለትምና። መዝገብ የሚይዘው ግን ቁጥርን ነው። ጣት መጨበጧን የሚጽፍላት ወላጇ ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ ብዕርም ልክ አለው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) «እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ» ማለት የሸይጧንን በር እንደሚከፍት አስጠንቅቀዋል። ደብተሩ የጸጸትና የክስ ዝርዝር ከሆነ ሽማግሌው የፈሩት ደረሰ ማለት ነው። የጎረቤት አልጋ ምስጢርም ሊጻፍበት አይገባም። መጻፍ የማይችል ወላጅ ቢኖር ወንድም ይጻፍለት፤ ወይም በስልኩ ድምፁን ይቅዳ።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ባለቤቱ በስልክ ስለ ልጇ ስትጠይቀው ደብተሩን እንደገና አነሳ። በሰባተኛው ቀን ስም አወጣላትና ጻፈው። በዘጠነኛው ቀን ልጅቷ ወደ አኺራ ሄደች። እናት ልጇን አላየቻትም። ደባርቅ ሲመለስ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበላት። አምስተኛና ስድስተኛው ቀን ላይ ሲደርስ ገጹ ባዶ ነበር። «በእነዚህ ቀናትስ ምን ሆነች?» አለችው። ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልቻለም።

እኔን የጠየቀኝ ስለ ጻፋቸው ገጾች ነበር። ከነገረኝ በኋላ ግን ሁለታችንም የቆጨን ባልተጻፉት ነው። አላህ ለወላጆቿ ሰብሩን ይስጥ፤ እሷንም በጀነት ትቀበላቸው።

ወላሁ አዕለም።