ቆጡም ከፍ ይላል

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲባል ሴትዮዋን በስግብግብነት መውቀስ ለምዶብናል። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው ክንዷ ላይ ነው። ቆጥ ከራስ በላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ክንድ መነሣት አለበት፤ ክንድ ሲነሣ ብብት ይከፈታል። የያዘችው ይወድቃል፣ ስስታምም ትሁን ጻድቅ። ስለዚህ ተረቱን የቅደም ተከተል ምክር አድርጌ ነው የምሰማው፦ መጀመሪያ የያዝሽውን አስቀምጪ፣ ከዚያ ተንጠራሪ።

ለዚህ ትርጓሜዬ የጌም ተጫዋቾችን ያህል የመሰከረልኝ የለም። ነሐሴ 26 ቀን 2012 ዓ.ም. የኤንቪዲያው አለቃ ጄንሰን ሁዋንግ ከቤቱ ኩሽና ሆኖ አዳዲስ ግራፊክስ ካርዶችን አስተዋወቀ። አርቲኤክስ 3070 በ499 ዶላር ይሸጣል፣ ፍጥነቱም 1,199 ዶላር ያወጣ ከነበረው 2080 ቲአይ ይበልጣል ተባለ። የ2080 ቲአይ ባለቤቶች ካርዳቸው ሳይረክስባቸው ለመሸጥ ተሽቀዳደሙ፤ በ500 ዶላር አካባቢ ያስረከቡ ነበሩ። 3070 ጥቅምት 19 ቀን 2013 ገበያ ሲወጣ ግን ብዙዎቹ ገና እጃቸውን ሳይዘረጉ አለቀ። አትራፊዎች በኮምፒውተር ፕሮግራም ቀድመው ያፍሱት ነበር፤ የቺፕ እጥረት መጣ፤ ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ የሚያመነጩት «ቆፋሪዎች»ም ካርድ እንደ እህል በጅምላ ይሸምቱ ጀመር። በ2013 አጋማሽ ያው ባለ 499 ዶላር ካርድ በአትራፊዎች እጅ ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠራ ነበር። የያዙትን የሸጡት ሰዎች ቆጡም ሳይወርድላቸው ብብታቸውም ባዶ ሆኖ ከረሙ።

ይህን ስለማውቅ የእህቴ ልጅ በ2016 ሰኔ ላይ «ጋሼ፣ ካርዴን ልሽጥና አዲስ ኮምፒውተር ልገጣጥም?» ሲለኝ ያቺን ሴትዮ ጠራሁለት። ያለው ጂቲኤክስ 1060 ነው፤ በ2008 የወጣ፣ ያረጀ፣ ግን የሚሠራ። አትሽጥ፣ ብርህን አጠራቅም፣ ሲሞላልህ ትገዛለህ አልኩት። ልጁ ታዛዥ ነው፤ ሰማኝ።

ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። እርግጥ የኮምፒውተር ነጋዴው ቀድሞም የሚያሰላው በጥቁር ገበያው ዋጋ ነበርና ዕቃው በአንድ ሌሊት እጥፍ አልሆነም። ቢሆንም ልጁ በየወሩ አንድ እርምጃ ሲራመድ ካርዱ ሁለት ይቀድመው ነበር። ብብቱን ጨምድዶ ቆሞ ቆጡ ከፍ አለበት።

ተረቱ ይህን አያውቅም። የጎጆ ቆጥ እንደተሠራ ይኖራል፤ ዛሬ ያልደረስሽበት ነገም እዚያው ይጠብቅሻል። ደግሞስ ሴትዮዋ በብብቷ የያዘችው ምን ነበር? ቅል ከሆነ ጥሩ፣ ይቆያል። ቅቤ ከሆነ ግን አጥብቃ በያዘችው መጠን ይቀልጣል። ግራፊክስ ካርድ በደህናው ጊዜ ቅቤ ነው። መስከረም 5 ቀን 2015 ኢቴሪየም ካርድ ወደማይፈልግ አሠራር ሲዞር፣ በቁፋሮው ዘመን በውድ የገዙ ሁሉ ይህን በእጃቸው ላይ አይተውታል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ዕቃውን አንድ በአንድ መግዛትስ? ያም ወጥመድ አለው። ዛሬ የተገዛ ማዘርቦርድ ፕሮሰሰሩ እስኪመጣ ካርቶኑ ውስጥ ይከርማል፤ ብልሽት ካለው የሚታወቀው የመመለሻው ቀን ካለፈ በኋላ ነው።

ልጁ በመጨረሻ ያደረገው እኔ ያልመከርኩትን ነው። ሙሉ ኮምፒውተር የመገጣጠሙን ሐሳብ ተወው። ማዘርቦርዱ የኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት ያለው ነው፤ ኩባንያው ይህን ሶኬት ለራይዘን ፕሮሰሰሮቹ ከ2009 ጀምሮ ዓመታት ስለተጠቀመበት ብዙዎቹ የቆዩ ቦርዶች ባዮሳቸው ከታደሰ በ2014 የወጣውን ራይዘን 5 5600 ይቀበላሉ። እሱን ገጠመ። ያልተነካ ዕቃ ገንዘብ አይበላምና በተረፈው አስተማማኝ ፓወር ሰፕላይ ጨመረ (መብራታችንን የሚያውቅ ይፈርድለታል)። ቀጥሎ ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ከዋሽንግተን በመጣ ዘመድ ሻንጣ ገባለት። ያ ካርድ ተገጥሞ፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ ጌም ተጫውቶበት እስኪያምነው ድረስ 1060ውን ከቤት አላወጣም።

አሁንም አላወጣም። ባለፈው ስሄድ 1060ው በካርቶኑ ታሽጎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተቀምጧል። ዋጋ ሳለው ሽጠው እንጂ አልኩት።

«አዲሱ ቢቃጠልስ ጋሼ?» አለኝ፣ ዐይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።