ዕጣና ደረጃ

ፍርድ በችሎት ብቻ የሚገኝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ወጣቶች ትክክልን ከአድልዎ መለየት የሚጀምሩት የሕግ መጽሐፍ ገልጠው ሳይሆን በጨዋታ ሜዳ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ውድድር እንዴት ይደልደል ብለን መመርመራችን እንደ ቀላል ነገር ሊቈጠር አይገባም።

በጥሎ ማለፍ ውድድር ማን ከማን ይግጠም? አንዳንዱ ዕጣ ይወስነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ቀደም ሲል የተገኘው ደረጃ ታይቶ ብርቱዎቹ እስከ ፍጻሜው ተለያይተው ይቈዩ ይላል።

ዕጣ ለማንም አያዳላም፤ ድካምንም ግን አያይም። ስምንት ቡድኖች በዕጣ ቢደለደሉ፥ ከሁሉ የሚበልጡት ሁለቱ በአንድ ወገን የመውደቃቸው ዕድል ከ7 3 ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለተኛነት የሚገባው ቡድን በመጀመሪያው ቀን ወደ ቤቱ ሊመለስ፥ እርሱን የማይተካከለው ግን ለፍጻሜ ሊደርስ ይችላል።

ደረጃስ በምን ይለካል? ጎረቤላን እናስብ። ይህች የአንኮበር ወረዳ ከተማ በተራራ ላይ ስትሆን፥ አልዩ አምባ ከእርሷ ቁልቁል በቈላው በኩል ናት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ትገኛለች። በሜዳና በአሠልጣኝ የታደለ የከተማ ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ እየተጋጠመ ነጥብ ቢሰበስብ፥ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ የሚጫወተው የገጠሩ ግን ጥቂት ግጥሚያ ብቻ ቢያገኝ፥ የሁለቱ ነጥብ በአንድ ሚዛን ተመዘነ ሊባል አይችልም። የቈላው ልጅ በደጋው ስስ አየር ትንፋሹ ያጥረዋል። ይባስ ብሎም ደረጃ ደረጃን ይወልዳል፤ በስሙ ቀላል ተጋጣሚ ያገኘ ያሸንፋል፥ ስላሸነፈም በሚመጣው ዓመት ዳግመኛ ቀላል ተጋጣሚ ይሰጠዋል።

የራሳችን አገር ታሪክም ምስክር ነው። በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተደልድላ ነበር። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ከውድድሩ ስትወገድ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በዚያም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ደግሞ ኢትዮጵያ በአስተናጋጅነቷ፥ ግብፅም በዋንጫ ባለቤትነቷ ያለ ማጣሪያ ገቡ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2፥ በፍጻሜውም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። መንገዱ ያጠረ መሆኑን አንክድም። ሆኖም አስተናጋጅ የሆነ ሁሉ የሚያገኘው መብት እንጂ ለአንድ አገር ስም የተሰጠ ስጦታ አልነበረምና ድሉን አያጐድፈውም። የተሰጠ ቦታ እስከ በሩ ያደርስ ይሆናል፤ ዋንጫውን የሚያሸክመው ግን ጨዋታው ነው።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ደረጃ ትክክለኛ የሚሆነው ሕጉ ከውድድሩ በፊት ሲታወቅ፥ ሚዛኑ ለሁሉ አንድ ሲሆን፥ ክብሩም ከዓመቱ ጋር ሲያልፍ ነው። ሚዛኑን አንድ ማድረግ ካልተቻለ ዕጣ ይሻላል፤ በዕጣ የሚያዝን ቢኖር የሚያማው ዳኛ የለውምና። ይህ ነገር የኳስ ብቻ አይደለም። ተማሪን በፈተና፥ ሠራተኛን በዕድገት የሚያስቀድም ሁሉ የሚያየው የዘንድሮውን ሥራ ነው ወይስ የአምናውን ስም ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ርስት ከአባት ይወረሳል፤ ብልጫ ግን በየጊዜው በሥራ ሊገኝ ይገባዋል።